በሽታ ፍለጋ አልሄድም

ስለ ጨጓራ ማውራት እኛ ዘንድ ነውር የለውም። ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ሰው «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይልና ሚጥሚጣውን ገፋ ያደርጋል። ኤች ፓይሎሪ ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኢንዶስኮፒ የተደረገለት ደግሞ ቱቦውን እንዴት እንደዋጠ በእጁ እያሳየ ይተርክልሃል፤ እኛም እየበላን እናዳምጣለን። ከእምብርት በታች ስንወርድ ግን ወሬው ቀጥ ይላል። እዚያ ያለው ችግር ሁሉ «ኪንታሮት» ይባልና ይዘጋል። ጠያቂም የለ፣ ተናጋሪም የለ።

እኔ ዛሬ እዚያው ልወርድ ነው። ኮሎኖስኮፒ አድርጌያለሁ፤ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ከታች አስገብተው ትልቁን አንጀት የሚያዩበት የካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። ካደረግኩ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ በስልክ ይጠይቀኛል፤ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። አንድ ቦታ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አገር ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ምርመራውን ይጀምር የሚባልበት ዕድሜ ድሮ 50 ነበር። በ2021 ወደ 45 አወረዱት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ምክንያቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ገና በጎልማሳነት የሚይዛቸው ሰዎች እየበዙ መምጣታቸው ነው። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በአንጀት ካንሰር ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር። እዚህ አገር ጥቁሮች በዚህ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥም ይነገራል። እኔ 45 ሲሞላኝ ሐኪሜ ብዙም አላወራችም። ወረቀቱን ጽፋ ሰጠችኝ።

ታላቅ ወንድሜን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ስልሳን ካለፈ ቆይቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። ስለ ምርመራው ሳነሣበት መልሱ አጭር ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ። በሽታ ፍለጋ አልሄድም።»

ይህን አነጋገር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲታመሙ ነው። ሳይታመም የሄደ ሰው የማያውቀውን የበሽታ ስም ተሸክሞ ይመለሳል። በጋሼ አልስቅም። ብዙ ምርመራ እውነትም እንደዚያ ነው፤ ያለብህን ይነግርህና ከነጭንቀትህ ይሸኝሃል። ኮሎኖስኮፒ ግን በአንድ ነገር ይለያል። ሐኪሙ እያየ ሳለ ገና በሽታ ያልሆነ ነገር ካገኘ፣ እዚያው፣ በዚያችው ሰዓት ቆርጦ ያወጣዋል። ማየቱና ማከሙ አንድ ላይ ነው። ጋሼ «ፍለጋ» ያለውን ነገር እኔ በሽታውን መቅደም እለዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ጭቅጭቅ ሁሉ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ አንጀት፣ በድሮው አጠራር ደንዳኔ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በቀኝ በኩል ከታች፣ ትርፍ አንጀት ካለበት ይጀምራል። ወደ ላይ ወደ ጉበት ይወጣል፤ ሆድን አቋርጦ በግራ ወደ ጣፊያ ይሄዳል፤ ከዚያ ይወርድና ተጠማዝዞ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ አንዳንዴ ትናንሽ እባጮች ይበቅላሉ። ፖሊፕ ይባላሉ። ግንድ ያለው አለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጠፍጣፋም አለ። ብዙውን ጊዜ አያሙም። አብዛኞቹም ምንም ሳያመጡ ይኖራሉ። አዴኖማ ከሚባለው ዓይነት ግን ጥቂቱ ቀስ እያለ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው «ከ10 ዓመት በኋላ ተመለስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሰፊ ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው የሚቆጨው።

ፖሊፕን ሆድ ሳይከፍቱ ማውጣት ከተጀመረ ያን ያህል ረጅም ዘመን አልሆነውም። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው ግትር ቀጥ ያለ ቱቦ ነበር፤ የሚያሳየውም 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ፖሊፕ አለ ከተባለ ቀዶ ጥገና ነው። በኋላ ብርሃንና ምስል በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ማሳለፍ ሲቻል ቱቦው መተጣጠፍ ጀመረ። በ1969 ኒውዮርክ ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ውስጥ ዊልያም ዎልፍና ጃፓን ተወልዶ ያደገው ሂሮሚ ሺንያ አብረው ይሠሩ ነበር። ሺንያ በቱቦው ውስጥ የሽቦ ቀለበት አሳለፈ። ፖሊፑን ከግንዱ ጠለፈው፤ ቀለበቱን አጠበቀ፤ በኤሌክትሪክ ሙቀት ቆረጠው። ዛሬም ሥራው በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ አሁን ጫፉ ላይ ካሜራ አለ፣ ትናንሾቹም ያለ ሙቀት በቀለበቱ ብቻ ይቆረጣሉ።

ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ምርመራዎች አሉ። ኮሎኖስኮፒ ሙሉውን ትልቅ አንጀት ያያል። ሲግሞይዶስኮፒ የሚባለው አጭሩ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ገብቶ የታችኛውንና የግራውን ክፍል ብቻ አይቶ ይወጣል። ዝግጅቱ ቀላል ነው። ከታች በፊንጢጣ በኩል የሚገባ ማጠቢያ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ማደንዘዣም እምብዛም አያስፈልግም፣ ስለዚህ ራስህ ነድተህ ትመለሳለህ። «ግማሹን አይቶ ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። እንግሊዞች ይህንኑ ፈትነውታል። በ2010 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው ትልቅ ጥናታቸው፣ ከ55 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎችን ለአንድ ጊዜ ብቻ ለዚህ አጭር ምርመራ ጋበዙ። ከተጋበዙት መካከል በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሞተው ሰው ካልተጋበዙት በ31 በመቶ አነሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ! ከ2013 ጀምሮ 55 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች መጥራት ጀምረው ነበር። በ2021 ግን ፕሮግራሙን ዘግተው ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ወደሚፈልገው ምርመራ አዞሩት። እንግሊዝ ያላችሁ 50 ዓመት ሲሞላችሁ በፖስታ የሚመጣላችሁ ትንሽ ዕቃ ይኸው ነው። እባካችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት።

እዚህ አሜሪካ አጭሩ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። ከቀጠሮው በፊት አንድ ቅጽ ላኩልኝ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያስቸገረኝ አንዱ ነው፦ በቤተሰብዎ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ ወይ?

ማን ያውቃል? እኛ አገር ሰው የሚሞተው «ሆዱን አሞት» ነው። «ቀዝቅዞት» ነው። «ድንገት» ነው። እናቴ ጋ ደሴ ደወልኩ። ስለ አያቴ ጠየቅኳት።

«ምን አለበት ብለህ ነው፤ ሆዱን ነበር እኮ የሚያመው።»

«ስለ አጎቴስ?»

ትንሽ ዝም አለች። «እሱማ ኪንታሮት ነበረበት። ያው ደም ያየው ነበር።»

«ስንት ዓመት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ ቆይቷል። መድኃኒተኛ ጋ ሄዷል፣ ጸበልም ገብቷል። ኋላ ከሳ። አዲስ አበባ ሲወስዱት ጊዜው አልፏል አሏቸው።»

የዚህ ታሪክ መካከለኛ ምዕራፍ ሁላችሁም ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ ብዙውን ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ችግሩ ኪንታሮትና ካንሰር ደማቸው ስም አልተጻፈበትም። የሚለያቸው ገብቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። መንገድ ዳር «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚል ታፔላ ሰቅሎ፣ ሳያይ የሚቀባ ሰው ምን እየቀባ እንደሆነ አያውቅም። አጎቴ ኪንታሮት ብቻ ይኑርበት ሌላ፣ ዛሬ ማወቅ አልችልም። ቅጹ ላይ «አይታወቅም» ብዬ ሞላሁ።

ይህ ጥያቄ ለወግ የገባ አይደለም። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር ከተያዙ መነሻ ዕድሜው ይወርዳል። በአጠቃላይ 40 ዓመት ላይ፣ ወይም ዘመድየው በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። እናትህ በ46 ከታወቀባት አንተ በ36 ትጀምራለህ ማለት ነው። «ሆዱን አሞት» እያልን የምንቀብረው መረጃ ለልጆቻችን ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። ሁሉም የሚፈራው ቱቦውን ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው ግን ቤትህ ነው። ቱቦው ሲገባ ተኝተህ ነው፣ አታውቀውም። መድኃኒቱን የምትጠጣው ግን ነቅተህ ነው።

ከቀጠሮው ቀደም ብለው ባሉት ቀናት ገለባ የሌለው ቀለል ያለ ምግብ ብላ ይላሉ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ኦትሚል፣ ፋንዲሻ፣ ኪኑዋ የሚባል ሁሉ ተዘርዝሯል። እንጀራ የሚል የለም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ስለ እንጀራ አላሰበም፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ እህል ነው፣ በእነዚያ ቀናት ይቅር። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቅንጬ፣ ኮሎ፣ ሱፍ ይቅሩ። ተልባማ ጭራሽ አይታሰብም። ሆድ ያለሰልሳል ብላችሁ የምታምኑበት ሁሉ እዚህ ጋ ጠላት ነው፤ ፍሬው ካሜራው ላይ ይለጠፋል፣ ማጠቢያ ቱቦውንም ይደፍናል። ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ የተላጠ ድንች፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ ይበላል። ቀጠሮዬ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ ለእኔ ከዚህ ዝርዝር የተረፈኝ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒና ድንች ነበር። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ ለሕክምና ሲሆን እንደሚፈቅዱልኝ አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው? ሩዜን በላሁ።

በዋዜማው ደግሞ ምንም የሚታኘክ ነገር የለም። ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚጠጣው፦ ውኃ፣ የፖም ጭማቂ፣ የተጠለለ መረቅ፣ ሻይ። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አይፈቀድም፤ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል። አንድ የምሥራች አለ። ወተት የሌለበት ቡና ይፈቀዳል። ከጀበና ከሆነ አተላው እንዳይወርድ ጥንቃቄ ነው። ያን ቀን ያለ ቡና ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት ነበር የምጽፈው።

ማታ መድኃኒቱ ይመጣል። የእኔው አራት ሊትር የሚሆን፣ ዱቄቱ በውኃ የሚበጠበጥ ነበር። አሁን አሁን መጠናቸው ያነሱም አሉ። ጨው ጨው የሚል፣ ሎሚ ነኝ የሚል ግን ያልሆነ ነገር ነው። ግማሹ ማታ ይጠጣል፣ ግማሹ በማግስቱ ከምርመራው ጥቂት ሰዓት በፊት። «ሌሊት ተነሥቼ ከምጠጣ ሁሉንም ማታ ልጨርሰው» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ፈሳሽ የቀኙን በኩል መልሶ ያቆሽሸዋል። ሁለተኛው ግማሽ ያን ይጠርጋል። ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ በስትሮ ሳብ ሳብ ይደረግ፤ በየመሃሉ ሎሚ ይላስ። ከዚያ በኋላ ከመጸዳጃ ቤት ብዙ አትራቁ። ስልኩን ቻርጅ አድርጉ። ለስላሳ ወረቀትና ቫዝሊን አዘጋጁ። በውኃ መታጠብ የለመደ ሰው ያን ሌሊት ከሌላው ይሻላል።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለ ትዝ ያሉኝ አያቶቻችን ናቸው። ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ፣ የኮሶ ትል ይይዛቸዋል፣ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣሉ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ከቤት አይወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ይላል፤ ያበቃል። ማንም አያፍርም። ሆድ ማጠብ እኛ አገር ቀን ተቆርጦለት፣ በአደባባይ ተነግሮ የሚደረግ ነገር ነበር። ነውሩ ከየት መጣ? እኔ መልስ የለኝም። ብቻ የእኔ መድኃኒት ከኮሶ የተሻለ እንደሚጥም ተስፋ አድርጌ ጨረስኩት።

የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የብረት እንክብል የምትወስዱ ሰዎች ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። ብረት ሰገራን ስለሚያጠቁር ቀደም ብሎ ይቆማል። የቀሩትን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪሙ ይወስን።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የሹፌር ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በዕለቱ አይነዳም፤ ውል አይፈርምም። የሚወስደው አዋቂ ሰው ካልመጣ ምርመራውን ይሰርዙታል። ታክሲ ወይም ኡበር ብቻውን አይቆጠርም። ሀበሻ ለለቅሶ በአንድ ስልክ አዳራሽ ይሞላል፤ ለኮሎኖስኮፒ ግን አንድ ሰው መጥራት ይጨንቀዋል። ለምን እንደሆነ መናገር አለበታ! ብዙ ሰው ቀጠሮውን የሚያስተላልፈው በዚህ ይመስለኛል። እኔ ጋሼን ጠራሁት። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያደርስ የኖረ ነው። ስልክ ላይ የነበረችው ልጅ ታክሲ ሹፌር አይሆንም ስትለኝ፣ ወንድሜ የሆነ ታክሲ ሹፌርስ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች፣ ይሆናል አለች።

ክሊኒኩ ስደርስ ከቱቦው በላይ የፈራሁት ነገር ደረሰ። የተቀበለችኝ ነርስ ሀበሻ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ይህ የማይቀር ነው። በልቤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ትሆን እያልኩ ነው። እሷ ግን ስሜን አየች፣ ወደ አማርኛ ቀየረችው፣ ከኋላ የሚከፈተውን ጋውን ሰጠችኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ዛሬ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ኪራይ ውድነት ነው።

በግራ ጎንህ ትተኛለህ፣ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ። ፕሮፖፎል የሚባል ነጭ መድኃኒት በክንድህ ደም ሥር ይገባል። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ከሐኪሙ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ በጣት ይፈትሻል። ከዚያ ቱቦውን እስከ ትልቁ አንጀት መጀመሪያ፣ እስከ ትርፍ አንጀቱ ቀዳዳ ድረስ ይገፋል። አንጀቱ እንዲከፈት አየር ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ዋናው ማየት ያለው ሲመለስ ነው። እያንዳንዱን እጥፋት እያገላበጠ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይህ መመለስ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይውሰድ የሚል ልማድ ለብዙ ዓመት ኖሯል፣ አሁን ከዚያም በላይ እንዲሆን ይመከራል። የሚቸኩል ሐኪም ጠፍጣፋዎቹን ያልፋቸዋል። የአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ሲወጠር ያማል እንጂ ሲቆረጥ አያምም። ስለዚህ ያለ ማደንዘዣ ወይም በቀላል ማስታገሻ የሚያደርጉትም ብዙ አገር አሉ።

የአንጀት ንጽሕና ማርክ እንደሚሰጠው ታውቃላችሁ? ቦስተን የሚባል መለኪያ አለ። አንጀቱን ለሦስት ይከፍሉታል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣሉ፣ ጠቅላላው ከ9 ነው። ከትምህርት ቤት ወዲህ ውጤቴን እንደዚያ በጉጉት ያየሁበት ቀን የለም። ቆሻሻ ሆኖ የተገኘ ሰው ሁሉንም እንደገና ይጠጣል። ሩዜ ዋጋ ነበረው።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽም። አንጀት የመበሳት ነገር ይከሰታል፤ በተለመደው ምርመራ ከ1,000 ሰው ከአንድ ያነሰ ነው። ፖሊፕ ከተቆረጠ በኋላ በተከታዮቹ ቀናት መድማት ሊመጣ ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ የማያቋርጥ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ ሂዱ። ከዚያ ውጪ ያለው ጋዝ ነው። ማገገሚያው ክፍል ውስጥ መጋረጃ ብቻ ነው የሚለያችሁ፤ ከየመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ይሰማል፣ ነርሶቹም «ጎሽ» ይላሉ። እኛን አሳድገው «ነውር!» ያሉን ሁሉ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ሁለት ትናንሽ ፖሊፖች ተገኙብኝ። እዚያው ወጡ። በማይክሮስኮፕ ወደሚያያቸው ላቦራቶሪ (ፓቶሎጂ) ተልከው አዴኖማ ናቸው ተባለ፣ ካንሰር የለባቸውም። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት አዴኖማ የተገኘበት ሰው እዚህ አገር ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይመለሳል። ወደ ምን ይለወጡ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ምናልባት ወደ ምንም። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ የለም።

ስለ ክፍያ ባጭሩ፦ ኢንሹራንስ ካላችሁ ለመከላከያ የሚደረገው እዚህ አገር በአብዛኛው በነፃ ነው። ደም አይቻለሁ ወይም ያመኛል ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ሌላ ዓይነት ምርመራ ተብሎ ሊያስከፍል ይችላል። ሂሳብ ፈርታችሁ ምልክት አትደብቁ፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

አገር ቤት ላለው አንባቢ ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል ይገባኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጤነኛ ሰው ዕድሜው ሲደርስ የሚጠራበት ብሔራዊ ፕሮግራም የለም። መሣሪያውና ባለሙያው ያለው በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን በአዲስ አበባ ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። ስለዚህ እዚያ ቁም ነገሩ ምልክቱ ላይ ነው፦ ደም፣ ለሳምንታት የተለወጠ የሰገራ ሁኔታ፣ ወጥቶ ያላለቀ የሚመስል ስሜት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስና መክሳት። ከእነዚህ አንዱ ካለ «ኪንታሮት ነው» የሚለውን ፍርድ ሳያይ ከሚሰጥ ሰው አትቀበሉ። አጭሩ ሲግሞይዶስኮፒ ቢገኝ እንኳን ከምንም ይሻላል፤ ከእነዚህ ካንሰሮች ብዙዎቹ የሚበቅሉት እሱ በሚደርስበት በታችኛው ክፍል ነው።

ጋሼ ያን ቀን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሐኪሙ ፎቶዎቹን ይዞ ሲመጣ እኔ ገና ደንዝዣለሁ፤ አዳማጩ እሱ ነበር። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ይቺን ነው የቆረጡት?»

«እሷን ነው።»

«ታምህ ነበር?»

«ምንም።»

ኮሎኖስኮፒውን አሁንም እምቢ ብሏል። ሐኪሙ ግን በየዓመቱ የሚደረገውን የሰገራ ምርመራ አቅርቦለት ተስማምቷል። ቤት ውስጥ ትንሽ ናሙና በእንጨት ነክቶ ቱቦ ውስጥ መክተትና በፖስታ መላክ ነው፤ መድኃኒት የለው፣ ሹፌር የለው። በዓይን የማይታይ ደም ይፈልጋል። ካንሰርን በደህና ይይዛል፣ ትናንሽ ፖሊፖችን ግን ብዙውን ጊዜ ያልፋቸዋል። ደም ካሳየም መጨረሻው ያው ኮሎኖስኮፒ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። «እሱን ያኔ እናወራለን» አለኝ። ሳጥኑን ግን ባለፈው ሳምንት ልኮታል።